መፀውና ክረምት በላቪንግተን፦ መኪናን ለናይሮቢ ዝናብና ጉም ስለ ማዘጋጀት

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ሲከፈል መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ደግሞ እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ያደገ ባለመኪና ከእነዚህ ከአራቱ ውስጥ አጥብቆ የሚዘጋጀው ለአንዱ፣ ለክረምት ብቻ ነው፤ መፀው የአደይ አበባና የመኸር ወራት እንጂ የጎርፍ ወራት አይደለምና። በናይሮቢ ምዕራባዊ ክፍል በሚገኘው በላቪንግተን ሰፈር ግን ነገሩ ይገለበጣል። በኬንያ «አጭሩ ዝናብ» የሚባለው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ማለትም በመፀው እምብርት ይጥላል፤ «ረጅሙ ዝናብ» ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቆይቶ በሚያዝያ ይበረታል፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ዶፍ ስትመታ ደግሞ ናይሮቢ ደመና የተጫነው፣ ካፊያ የማይለየው፣ ብርዱ የሚሰማ ወቅት ታሳልፋለች።

የልዩነቱ ምክንያት የሁለቱ ከተሞች አቀማመጥ ነው። ከሰሜንና ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚነፍሱት ነፋሳት ተገናኝተው እርጥብ አየር ወደ ላይ የሚገፉበትና ደመና የሚቋጠርበት የዝናብ ቀበቶ፣ የፀሐይን አካሄድ እየተከተለ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ወጥቶ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ይመለሳል፤ አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ቀበቶው ደርሶ ለወራት ሲቆይባት፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 1 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ብቻ የምትርቀው ናይሮቢ ግን ሲወጣም ሲመለስም ያልፍባታል። ይህን የሚከታተለው የኬንያ የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሚገኘው ከላቪንግተን ብዙም በማይርቀው ዳጎሬቲ ኮርነር፣ በንጎንግ መንገድ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከልም በዚያው አቅጣጫ፣ በንጎንግ ከተማ ይገኛል፤ ሁለቱም ከየዝናቡ ወቅት አስቀድመው ትንበያ ያወጣሉ። በመሆኑም የላቪንግተን ነዋሪ መኪናውን በዓመት ሁለት ጊዜ ለዝናብ፣ አንድ ጊዜ ለብርድና ለጉም ማሰናዳት ይኖርበታል፤ ዝናቡ ድንገት መጣብኝ ለማለትም ብዙ ምክንያት የለውም።

ሰፈሩም በዝናብ ጊዜ የራሱ ጠባይ አለው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሰሜን ከዋያኪ ዌይ በደቡብ እስከ ንጎንግ መንገድ አቅጣጫ የተዘረጋው ላቪንግተን ጉብታና ረባዳ የሚፈራረቁበት መሬት ነው፤ እንደ ኪሪችዋ ኩብዋ ያሉ ጅረቶች በጉብታዎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ወደ ናይሮቢ ወንዝ ስለሚወርዱ፣ የሰፈሩ መንገድ አብዛኛው ወይ ወደ ጅረት ይወርዳል ወይ ከጅረት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1899 የካቶሊክ የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር ካህናት የቅዱስ ኦስቲንን ሚሲዮን በዚህ አካባቢ መሥርተው ቡና የተከሉበት ቀይ አፈር፣ ዛሬ ለፎቅ ግንባታ ሲቆፈር በገልባጭ መኪና ጎማ ተጣብቆ ወደ አስፋልቱ ይወጣል፤ ካፊያ ሲነካው ደግሞ ክፉኛ ያንሸራትታል። በጄምስ ጊቹሩና በጊታንጋ መንገዶች ዳር ማለዳና ማታ ከአጎራባቹ ሰፈር ከካዋንግዋሬ ወደ ሥራው በእግሩ የሚመላለሰው ሕዝብ ብዙ ነው። በምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለምትጠልቅም፣ የሥራ መውጫው ግርግር፣ ድንግዝግዙና የማታው ዝናብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገጣጠማሉ፤ ያን ጊዜ ጥቁር ካፖርት ለብሶ በመንገድ ዳር የሚሄደውን ዘበኛ ለማየት የነጂው ዓይን ብቻውን አይበቃም።

ዝናብ ሲቃረብ ባለመኪና ሁሉ ስለ መኪናው ማሰቡ አይቀርም፤ የሚያስበው ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ሞተሩ ነው። ዘይት ይቀየራል፣ ካንዴላ ይታያል፣ ባትሪ ይለካል፤ ስጋቱ መኪናው መንገድ ላይ እንዳይቆምበት ነው። ዝናብ የሚያነሣው ጥያቄ ግን የዚህ ተቃራኒ ሲሆን፣ እርሱም መኪናው መቆም ሲገባው ይቆማል ወይ፣ ነጂውስ መቆም እንዳለበት በጊዜ ያያል ወይ የሚል ነው። ሞተሩ አልነሣ ያለ መኪና ባለቤቱን ከሥራ ያስቀረዋል፤ ጎማው የላመና ፍሬኑ የደከመ መኪና ግን ሰው ይገድላል። የዚህ ንግግር ሐሳብም ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፣ ጎማ፣ ፍሬንና ዕይታ ይቅደሙ፣ ሞተር ይከተል የሚል ነው።

መነሻው ጎማ ነው። 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና መንገዱን የሚነካበት ስፋት፣ ክብደቱ በጎማዎቹ የአየር ግፊት ተካፍሎ ሲሰላ፣ በእያንዳንዱ ጎማ ሥር 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ማፍጠንም፣ መታጠፍም፣ መቆምም የሚከናወነው በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። በጎማና በመንገድ መካከል ያለው መያያዝ ሰበቃ ይባላል፤ ይኸውም ሁለት አካላት ተነካክተው ሲንቀሳቀሱ አንዱ ሌላውን ለማስቆም የሚያሳርፍበት ኃይል ነው። የሰበቃው መጠን በደረቅ አስፋልት 0.7፣ በእርጥብ አስፋልት 0.4 ነው ተብሎ ቢወሰድ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘበት በኋላ በደረቁ 36 ሜትር፣ በእርጥቡ ግን 63 ሜትር ተጉዞ ይቆማል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ በሁለቱም ላይ 22 ሜትር ይጨምራል። ይህ ስሌት ደግሞ ጎማው ደኅና መሆኑን ታሳቢ ያደረገ ነው።

ደኅና ጎማ ማለት በዝናብ ቋንቋ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ማለት ነው። የደጋ ገበሬ ውሃ እንዳይተኛበት በእርሻው ላይ ፈሰስ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የጎማ ጥርስም ሥራው ከጎማው ሥር ያለውን ውሃ በቦዮቹ በኩል ወደ ጎንና ወደ ኋላ ማስወጣት ነው። ቦዮቹ ጥልቀት ካጡ፣ ወይም ውሃው ከሚችሉት በላይ ከበዛ፣ ወይም መኪናው ውሃውን ገፍቶ ለማስወጣት ጊዜ እስከማይኖረው ድረስ ከፈጠነ፣ ጎማው ከመንገዱ ተነሥቶ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ባለሙያዎች ይህን አኳፕሌኒንግ ይሉታል። በዚህ ቅጽበት መሪው ድንገት ይቀልላል፣ ፍሬኑም አይሠራም፤ ነጂው መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግሩን ከነዳጅ ላይ ቀስ ብሎ ከማንሣት ሌላ የሚያደርገው ነገር አይኖርም።

የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለአውሮፕላን ጎማ ያወጣው ስሌት እንደሚያሳየው፣ ውሃው ከጎማው ጥርስ አቅም በላይ በሆነበት መንገድ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት የሚወሰነው በጎማው የአየር ግፊት ነው። ግፊቱ 32 ፒ.ኤስ.አይ ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግፊቱ ወደ 24 ሲወርድ ግን ወደ 82 ዝቅ ይላል። በዋያኪ ዌይ በምሽት ዝናብ የሚነዳ ሰው ሁለቱንም ፍጥነቶች ሳያስበው ሊደርስባቸው ይችላል። አየሩ የጎደለ ጎማ ነዳጅ ከማስበላት ያለፈ ጉዳት የለውም የሚለው የጋራዥ ወሬ ስለዚህ ስሕተት ነው። ትክክለኛው ግፊት በነጂው በር መቃን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይገኛል፤ ከጃፓን በመጣ መኪና ላይ ጽሑፉ በጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል፤ የሚጻፈው ግን በኪሎ ፓስካል ስለሆነ፣ 220 የሚለው ቁጥር በነዳጅ ማደያው መለኪያ 32 መሆኑን ባለመኪናው ቢያውቅ መልካም ነው። የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ማለዳ ከቤት እንደወጣ ነው።

አዲስ የመኪና ጎማ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ጥርስ ይኖረዋል። በብዙ አገሮች ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በዝናብ ለሚነዳ ሰው ግን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሳይወርድ መቀየር ይመከራል። ለመመርመር መሣሪያ አያስፈልግም፤ በዋናዎቹ ቦዮች ውስጥ በየተወሰነ ርቀት ከወለሉ 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብለው የተሠሩ አጫጭር የጎማ ጉብታዎች አሉ፤ የጎማው ገጽ ከእነዚህ ጉብታዎች ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። የውስጥ ጠርዙ ከውጩ ቀድሞ የሚላም ጎማ ስላለ፣ መሪውን ወደ አንድ ወገን ሙሉ በሙሉ አዙሮ የፊቶቹን ጎማዎች በውስጥ በኩል ማየት ይገባል። ከዚያም ዕድሜው ይታያል፤ በጎማው ጎን፣ ከፊደላት በኋላ በትንሽ ክብ ክፈፍ ውስጥ አራት አኃዞች ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ግን ፀሐይ መትቶት የደረቀና ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ እርጥብ መንገድ አይዝም፤ ለዓመታት ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ጎማ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

በኬንያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ወጥመድ አለ። አገሪቱ ከተሠሩ ስምንት ዓመት ያልሞላቸውን ያገለገሉ መኪኖች ታስገባለች፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ከጃፓን ተነሥተው በሞምባሳ ወደብ የሚገቡ ናቸው። በሰሜን ጃፓን፣ በተለይም በሆካይዶ ደሴት፣ ክረምቱ የበረዶ ስለሆነ መኪኖች በወቅቱ ስተድለስ የሚባል የበረዶ ጎማ ይታሰርላቸዋል፤ ያ መኪና ሳይቀየርለት ከተሸጠ ጎማውን እንደያዘ ናይሮቢ ይደርሳል። የበረዶ ጎማ ላስቲኩ በብርድ እንዳይደርቅ ሆን ተብሎ ለስላሳ የተደረገ ሲሆን፣ ጥቅሙ የሚታየው የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ነው። የናይሮቢ የሐምሌ ንጋት እንኳ በአማካይ ከ10 ዲግሪ በላይ ስለሆነ፣ ጎማው እዚህ ቶሎ ይላማል፣ በሞቀ አስፋልት ላይ ይለሰልሳል፣ በእርጥብ መንገድም የመቆሚያውን ርቀት ያስረዝማል። መለያው በጎኑ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ስተድለስ የሚለው ቃል፣ ወይም ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የተሣለ የበረዶ ቅንጣት ነው። ጥርሱ ጥልቅና ጥቅጥቅ ያለ ስለሚመስል ገዢው ምርጥ ጎማ ያገኘ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ለሌላ አገር ክረምት የተሰናዳ ጎማ መግዛቱ ነው።

ጎማው ቢሟላም የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ ለብቻው ይፈራል። በደረቁ ወራት ከመኪኖች የተንጠባጠበው ዘይት፣ ከጭስ ማውጫ የወጣው ጥላሸትና ከጎማ የተፈገፈገው ዱቄት በአስፋልቱ ላይ ተነጥፎ ይከርማል፤ የጥቅምት የመጀመሪያ ካፊያ ይህን ሳያጥበው ያለውሰዋል። ዶፍ ከሆነ ቶሎ ይጠርጋል፤ ካፊያ ግን ያቦካዋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከቀላሉ ዝናብ ይልቅ ከባዱ ይሻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚሁ ጊዜ ዝናብ የያዛቸው፣ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነጂዎች በድልድይና በማሳለጫ ሥር ተጠልለው የመንገዱን ግራ ጠርዝ ስለሚይዙ፣ ከዶፍ ወጥቶ ድልድይ ሥር የሚገባ ነጂ መጠለያው ባዶ አለመሆኑን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

በፍሬን በኩል ባለመኪናው የሚያውቀው የፍሬን ሸራውን ማለቅ ነው፤ ሲያልቅ ይጮኻልና። የማይጮኸው የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት የእግርን ግፊት ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ሲሆን ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው፤ ውሃ በጠጣ ቁጥር የሚፈላበት የሙቀት መጠን ይወርዳል። ዶት 3 የተባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ሲቆይ፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ልክ 140 ብቻ ነው፤ በዶት 4 ደግሞ ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ በመሆኑም ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናውም አይቆምም። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሙቀት የሚመጣው ከቁልቁለት ነው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ እየተያዘ ቢወርድ፣ ፍሬኖቹ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ወደ 40 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ከክፍል ሙቀት አንሥቶ ሊያፈላ ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ነጂ ከዚህ የሚበልጥ ቁልቁለት አይቷል፤ ከላቪንግተን ተነሥቶ በሊሙሩ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርደው የማይ ማሂዩ መንገድም ዝርዝሩ ይለይ እንጂ ያው ነው። ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1941 በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት በኢትዮጵያና በሶማሊያ ተይዘው ወደ ኬንያ የተወሰዱ የጣሊያን የጦር ምርኮኞች ሠርተውታል፤ በ1942 የሠሯት ትንሽ የጸሎት ቤትም እስከ ዛሬ በመንገዱ ዳር ትታያለች። የጣርማ በርን ዋሻ የቆፈረው የጣሊያን አገዛዝ ሰዎች በምርኮ ሌላ ገደል ላይ መሥራታቸው የታሪክ ምፀት ነው። ቁልቁለት የመውረጃው ደንብ በዓባይም በማይ ማሂዩም አንድ ነው፤ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከባድ ማርሽ ማስገባት፣ አውቶማቲክ ከሆነም ማርሹን ከ«ዲ» ዝቅ ማድረግ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ አለመውረድ።

ዕይታን በተመለከተ የላቪንግተን መፀው የራሱ ቅጠል አለው። አውሮፓውያን በዚህ ወቅት የሚረግፈውን ቅጠል ይፈሩታል፤ እዚህ የሚረግፈው የጃካራንዳ ሐምራዊ አበባ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ በመንገዱም በቆመው መኪናም ላይ ይነጠፋል። አበባው በመንገድ ላይ ሲረጥብ ማንሸራተቱ አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የማያየው ግን ኮፋኖው ከፊት መስታወቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ በተተከሉበት ቀዳዳማ ፕላስቲክ ሥር የሚሆነው ነው። እዚያ ከመስታወቱ የሚወርደውን ዝናብ በግራና በቀኝ የሚያፈስሱ ጠባብ ማስወገጃዎች አሉ፤ አበባውና ቅጠሉ በስብሶ ሲደፍናቸው ውሃው ይጠራቀምና ንፋስ ወደ መኪናው በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ባለመኪናው ምንጣፉ ለምን እንደረጠበና መስታወቱ ለምን እንደሚደፈን ሳይገባው ወራት ያልፋሉ። ኮፋኖውን ከፍቶ አበባውን በእጅ ማውጣትና ጥቂት ውሃ አፍስሶ ከሥር መውጣቱን ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ ፉንዲዎች፣ ማለትም በኬንያ መካኒኮች፣ ካልተነገራቸው ብዙ ጊዜ አይነኩትም።

መስታወቱ የሚደፈነው እርጥብና ሞቃት የሆነው የተሳፋሪዎች ትንፋሽ ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ወደ ውሃ ጠብታ ስለሚለወጥ ነው። በሐምሌ ማለዳ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ወላጅ ብርድ ነው ብሎ የአየር ማቀዝቀዣውን ያጠፋል፣ መስኮቱንም ይዘጋል፤ ከዚያ በእጁ መዳፍ መስታወቱን እያበሰ ይነዳል። የአየር ማቀዝቀዣ ግን አየሩን ከማቀዝቀዙ ሌላ በውስጡ ባለው ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ እርጥበቱን ያስቀራል፤ ስለዚህ እርሱን ከማሞቂያው ጋር አብርቶ፣ የውስጥ አየር ማዘዋወሪያውን አጥፍቶ ንጹሕ አየር ከውጭ ማስገባት መስታወቱን በአንድ ሁለት ደቂቃ ያጠራዋል። የዝናብ መጥረጊያ ላስቲክ ደግሞ በምድር ወገብ ፀሐይ ቶሎ ስለሚደርቅ ከዝናቡ በፊት ይቀየራል፤ ገና በማለዳው ካፊያ መስታወቱ ላይ መስመር የሚተው ከሆነ በማታው ዶፍ አይረባም። ያው ፀሐይ የፊት መብራቶቹን የፕላስቲክ ሽፋን ቢጫና ደብዛዛ ያደርገዋል፤ አምፖል ከመቀየር በፊት ሽፋኑን ማስወልወል ይበጃል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዋናው ፈተና ጉም ነው። ከላቪንግተን በዋያኪ ዌይ ወጥቶ ወደ ናይቫሻ የሚሄድ ሰው በሊሙሩና በኪሜንዴ ከፍታዎች ላይ፣ በተለይ ሌሊትና ማለዳ፣ የጣርማ በርን የሚያስታውስ ጉም ይገጥመዋል። በጉም ውስጥ ረጅም መብራት ማብራት ብርሃኑን በጉሙ ጠብታዎች ላይ አንፀባርቆ ወደ ነጂው ዓይን ይመልሰዋል፤ የሚሻለው አጭሩ መብራት ነው። አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መንዳት የተለመደ ሆኗል፤ ይህ ልማድ ከኋላ ለሚመጣው መኪናው ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለውን ያደናግራል፣ የመታጠፊያ ምልክትንም ይሰውራል። ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት መኪኖች ብዙዎቹ በአውሮፓ መኪኖች ላይ የሚታየው ኃይለኛ ቀይ የኋላ የጉም መብራት የላቸውም፤ ስለዚህ የኋላ መብራቶቹን ጭቃ መጥረግና አምፖሎቹ ሁሉ መሥራታቸውን ማየት ሌላ ምትክ የሌለው ሥራ ነው። ሁለት አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘኖችም ከሻንጣው ሥር ሳይቀበሩ ለእጅ ቅርብ መሆን አለባቸው።

መኪናን ማዘጋጀት የማይፈታው አንድ ነገር ቢኖር የሞላ ውሃ ነው። የመኪናው ወለል ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለና 6 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ቢሆን፣ ውሃው ከወለሉ በላይ በ10 ሴንቲ ሜትር በጨመረ ቁጥር መኪናውን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል በ600 ኪሎ ግራም ይጨምራል፤ እንግዲህ 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ገና 35 ሴንቲ ሜትር በሆነ ውሃ ውስጥ፣ ውሃው ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ ሊንሳፈፍ ይችላል። ወራጅ ከሆነ ከዚያም ባነሰ ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 2021 በኪቱይ አውራጃ፣ በምዊንጊ አቅራቢያ፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎችን ለሠርግ ያሳፈረ አውቶቡስ የኤንዚዩ ወንዝ የሸፈነውን ድልድይ ሊሻገር ሲሞክር ተወስዶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አውቶቡሱ ከማንኛውም የቤት መኪና የከበደ ነበር። በ2024 ረጅሙ ዝናብ በመላ ኬንያ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ናይሮቢም ውስጥ ጅረቶች መንገድና ቤት አጥለቅልቀዋል። ውሃው በሞተሩ የአየር መሳቢያ ከገባም የማይጨመቅ ስለሆነ የሞተሩን ውስጣዊ ዘንጎች ያጣምማል፤ በውሃ ውስጥ የጠፋ ሞተር እንደገና መነሣት የለበትም። በላቪንግተን ረባዳዎች ላይ የጭቃ ውሃ የአስፋልቱን ጠርዝ ከሸፈነ ዙሪያ መንገድ መያዝ ወይም መጠበቅ ነው፤ የሌላ መኪና መሻገር ማስረጃ አይሆንም። ጥልቀት የሌለው ኩሬ ያቋረጠ ነጂም ወዲያው ፍሬኑን በቀስታ እየነካካ ማድረቅ ይኖርበታል።

በዓል ሲደርስ ወይም ለዘመድ ጥየቃ በሞያሌ በኩል ወደ አገር ቤት የሚነዱ፣ ከዚያም የሚመጡ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ጉዞው ቀሏል፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ደርቀው የሚታዩት የወንዝ አሸዋዎች፣ አካባቢው ላጋ የሚላቸው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሩቅ በዘነበ ዝናብ ድንገት ይሞላሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በቀኝ ስትነዳ ኬንያ በግራ ስለምትነዳ የመብራትም ጉዳይ አለ። አጭሩ መብራት የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ በአንድ ወገን ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ይህ ከፍታ በቀኝ ስለሆነ በኬንያ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣውን ዓይን ይወጋል። አንዳንድ መኪኖች የሚያስተካክል ማንሻ አላቸው፤ ለሌሎቹ ያንን የመብራቱን መስታወት ክፍል ብርሃን በማያሳልፍ ፕላስተር መሸፈን ይበቃል።

ስለ ሞተሩ ጥቂት ቃል ይበቃል። በናይሮቢ ውሃ በብርድ ወደ በረዶ አይለወጥም፤ ሆኖም ራዲያተር ውስጥ ተራ ውሃ ማድረግ ያዛግታል፣ በዚህ ከፍታ ደግሞ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ኩላንት የሚያስፈልገው ለበረዶ ሳይሆን ለእነዚህ ነው። ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ደኅና ነው፤ ዝናብ ሲመጣ መብራቱ፣ መጥረጊያውና ንፋስ መስጫው በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ አንድ ላይ ስለሚሠሩ ቺንጊያው የላላ መኪና በዚያን ጊዜ ይጋለጣል።

አጭሩ ዝናብ በጥቅምት ስለሚጀምር ከመስቀል በኋላ ያለው ሳምንት፣ ረጅሙ በመጋቢት ስለሚገባ ደግሞ የዓድዋ በዓል ሳይደርስ ያለው ሳምንት ለዚህ ሁሉ ምርመራ አመቺ ነው። ባለመኪናው ፉንዲው ዘንድ ሲሄድ ሰርቪስ ይሁንልኝ ብቻ ብሎ ቁልፉን ትቶ ቢመለስ ዘይቱ ተቀይሮ ይጠብቀዋል፤ ጎማውን፣ የፍሬን ዘይቱንና መጥረጊያውን ግን በስማቸው ጠርቶ ማሳየት የእርሱ ፈንታ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለጎማ ይዋል። ለሁለት ጎማ ብቻ ከበቃ ደግሞ፣ ብዙዎች ከሚያደርጉት በተቃራኒ፣ አዲሶቹ ከኋላ ይታሰሩ፤ የፊት ጎማዎች በውሃ ላይ ሲንሸራተቱ መኪናው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ ሊመልሰው ይችላል፣ የኋላዎቹ ሲንሸራተቱ ግን መኪናው በራሱ ዙሪያ ይዞራል።